ምሳው የት ይሁን?



ባለፈው የክረምት እረፍት ቤተሰቦቼ የሰጡኝ ትልቁ ሥራ ምግብ ቤት መምረጥ ነበር። የግቢ ካፌ ወጥ ለለመደ፣ ሲያምረውም ጓደኞቹን አስተባብሮ ፉል ቤት ለሚሄድ ሰው «ደህና ሬስቶራንት ፈልግ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ። ግን ትእዛዙ የመጣው ከታላቅ እህቴ ስለነበር እምቢ አይባልም።

እትዬ ዱባይ በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ሰኔ መጨረሻ ላይ ለእረፍት መጣች። የመመለሻ ትኬቷ ለነሐሴ 14 ተቆርጧል። እኔ ኢንሻአላህ የምመረቀው ዘንድሮ ነው፤ ያኔ እሷ እዚህ አትኖርም። «ስለዚህ የምርቃትህን ግብዣ አሁኑኑ አደርገዋለሁ። አባዬንና እማዬን ጥሩ ቦታ እናብላቸው» አለችኝ። ጥሩ ቦታ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት፣ አስተናጋጁ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥበት፣ ምግቡ አንድ በአንድ የሚመጣበት አለች።

ይህን ከየት እንዳመጣችው በኋላ ነው የነገረችኝ። አሠሪዎቿ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ እንደዚህ ዓይነት ቤቶች ሲሄዱ ልጆቹን እንድትይዝ ይወስዷታል። እነሱ ሲበሉ እሷ ትንሹን ልጅ እየያዘች ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ትቆማለች፤ አንዳንዴ ዳር ላይ ወንበር ይሰጣታል። ሜኑውን ታውቀዋለች፣ የሹካውን ቅደም ተከተል ታውቀዋለች፣ ምግቡን ግን አታውቀውም። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቤታችን ኮልፌ ነው፣ ከእፎይታ ገበያ ብዙም አይርቅም። አባቴ መርካቶ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል። የእትዬን ሐሳብ ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማስላት ነው። አባቴ ማንኛውንም ገንዘብ በጤፍ ነው የሚያሰላው። «ይኼ እኮ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ነው ልጄ። ኢስራፍ አይሆንም?» አላት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። እትዬ ግን ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። «አባዬ፣ አራት ዓመት የላክሁት ብር ለቆርቆሮ፣ ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤት ነው የዋለው። አንድ ቀን ተቀምጠህ እንድታይህ ነው የምፈልገው» አለችው። አባቴ ዝም አለ። እናቴ ነገሩን በራሷ መንገድ ፈታችው፦ ከግብዣው በፊት ባለው ጁምዓ ለሰፈሩ ልጆች ሰደቃ እንዲወጣ አዘዘች፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምንበላ ግድ የላትም። እኔም ስልኬንና ወረቀት ይዤ ፍለጋዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተጋባዦቹን ዝርዝር ጻፍኩ። አባቴ፣ እናቴ፣ እትዬ፣ እኔ፣ ሁለት ታናናሾቼ፤ ሰባተኛዋ ደግሞ የጎረቤታችን እማማ። እማማ ባይኖሩ እትዬ ትምህርቷን ባልጨረሰች ነበር፤ እናቴ በታመመችበት ዓመት ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጁን እሳቸው ነበሩ። እሳቸው የሌሉበት ግብዣ በኛ ቤት አይታሰብም። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጊዜው ደግሞ ነሐሴ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፣ እትዬ ደግሞ በ14 ትበራለች። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሁላችንንም ማግኘት የሚቻለው በፆሙ ውስጥ ብቻ ሆነ። እማማ በፍልሰታ እንኳን ሥጋና ቅቤ ዓሣም አይቀምሱም።

እንግዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ የኛ ሐላልና የእማማ ፆም አብረው ሊቀመጡ ነው። የሚገርመው ይህ ለኮልፌ ሰው አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። የእማማ ልጅ ስታገባ ለሙስሊም እንግዶች ሁለት በግ ለብቻ ተገዝቶ አባቴ እንዲያርድ ተጠራ። ድስቱ አዲስ ነበር፣ ወጡን የሠሩት የኛ እናቶች ነበሩ፣ ድንኳኑ ውስጥም የሙስሊም ማዕድ የቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። በኛ ቤት ዒድ ሲሆን ደግሞ እማማ የሚበሉት የፆም ወጥ በሌላ ድስት ይሠራል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም አያፍርም፤ ጋባዡ አስቀድሞ አስቦበታል። ብዙዎቻችሁ ከወሎም፣ ከስልጤም፣ ከጅማም ስለመጣችሁ የየራሳችሁ ተመሳሳይ ታሪክ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። የሠርግ ድንኳን የሚያውቀውን ነገር እብነ በረድ የተነጠፈበት ሆቴል ያውቀው ይሆን? ፍለጋዬ በአጭሩ ይህ ነበር።

ለነገሩ በገንዘብ ምግብ መብላት ራሱ ለአገራችን የቆየ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በምኒልክ ዘመን ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላት አፍሮ እንደነበር፣ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው እንዳስለመዱ ይተረካል። አባቴ ይህን ታሪክ ስነግረው «እነሱ ያፈሩት ትክክል ነበሩ» ብሎኛል።

መጀመሪያ የታየኝ በቅርባችን ያለው ነው። ከ18 ማዞሪያ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ወደ መርካቶም ስትወርዱ የሙስሊም ምግብ ቤት ሞልቷል፤ በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ፣ ጥያቄ አያስፈልግም። ክትፎው ከቆጮ ጋር የሚቀርብበት፣ ጥብሱ በሸክላ የሚፋጅበት ቤት አለ። ለኔ ቢሆን እዚያው ጨርሼው ነበር። እትዬ ግን «እዚያማ አባዬ ሁልጊዜ ምሳ ይበላል፤ ይኼ ግብዣ ነው እንዴ?» አለች። ትክክል ነች። አባቴ እዚያ ሲገባ ባለቤቱ በስሙ ነው የሚጠራው፣ ሒሳቡንም አልቀበልም ሊለው ይችላል።

ሁለተኛው የባህል ምግብ ቤቶች ናቸው፣ ሙዚቃና ጭፈራ ያላቸው፣ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚወሰድባቸው። ያየኋቸው ሁሉ ሥጋቸው የክርስቲያን ነው፣ ጠጁ በብርሌ ይዞራል። ኸምር ከሚቀርብበት ማዕድ መራቅን የሚያስተምረውን ሐዲስ በዳዕዋ ላይ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ አባቴን እዚያ አስቀምጬ «አንተ ወደዚያ አትይ» ልለው አልችልም። ይኼ ወዲያው ተሰረዘ።

ሦስተኛው ቦሌ አካባቢ ያሉት የዓረብ ምግብ ቤቶችና ቦሌ ሚካኤል ያሉት የሶማሌ ቤቶች ናቸው። በሐላል በኩል ሐሳብ የለም፤ አንዳንዶቹ ለቤተሰብ የተከለለ ክፍል አላቸው፣ እናቴም ኒቃቧን አንስታ ተረጋግታ ትበላለች። ልቤ እዚህ ላይ አርፎ ነበር። ለእትዬ «መንዲ አለ፣ ከብሳ አለ» ብዬ ስነግራት ፊቷን አይታችሁት ቢሆን! «አራት ዓመት ሙሉ ከብሳ ስሠራ ኖሬ አገሬ መጥቼ ከብሳ ልብላ?» ብላ ተነሣች። ለእማማም ከነጭ ሩዝና ሰላጣ በቀር የሚሆን አላገኘሁም። በፆም ቀን እንግዳ ጠርቶ ሰላጣ ማስቆጠር ነውር ነው።

የቀሩት ትልልቆቹ ሆቴሎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ምልክት ይጠፋል። በኛ ሰፈር መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ ታያላችሁ፣ ሥጋ ቤቱም እንደዚያው ነው። የአዲስ አበባ ቄራ እንኳን የሙስሊምና የክርስቲያን እርዱን ለይቶ ነው የሚሠራው። ወደ ላይ ስትወጡ ግን ሁሉም ሜኑ በአንድ ዓይነት ወርቃማ ፊደል ይጻፋል፤ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ የለም። መጠየቅ ግድ ነው።

አምስት ቦታ ደወልኩ። አንደኛው ጋ ያነሳችው ልጅ ገና ሳልጨርስ «አዎ፣ ሐላል ነው፣ ችግር የለም» አለችኝ። ሥጋውን ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚገዙ ስጠይቃት ቆየችና «ከሱፐርማርኬት መሰለኝ» አለች። ሁለተኛው ጋ «ሙስሊም ደንበኞች ሁልጊዜ ይመጣሉ» ተባልኩ። ይመጡ ይሆናል፣ ግን የጠየቅሁት እሱን አልነበረም። ሦስተኛው ቀጥ ያለ ሰው ነበር፦ «ወንድሜ፣ ሥጋችን የክርስቲያን ነው። ዓሣና የፆም ምግብ ግን አለን» አለኝ። ይህን ሰውዬ አመስግኜዋለሁ። ከሦስቱ እውነት የነገረኝ እሱ ነው። አራተኛው ከሠላሳ ሰው በላይ ከሆናችሁ የሙስሊም ሥጋ ለብቻ እናዘጋጃለን አለ፤ ሰባት ነን።

ስደውል አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ ነገሩ ገርሟታል። ዱባይ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ ሐላል ያልሆነው ነው ምልክት የሚለጠፍበት። ማሌዥያ ደግሞ ጃኪም የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምግብ ቤቶች የሐላል ምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ በሩ ላይ ማኅተሙን አይታችሁ ትገባላችሁ። የኛው ነገር ግን የሚያስቅ ነው። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የኛን በግና ፍየል በሐላል አርደው ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ በአውሮፕላን ይልካሉ። እትዬ ዱባይ ለአሠሪዎቿ የጠበሰችው በግ ከኛ አገር ሄዶ ሊሆን ይችላል። እኔ ደግሞ እዚህ በሬው ባደገበት አገር በስልክ እለምናለሁ።

የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ስለተፈቀደበት የሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ የምታነሡልኝ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በዶርም ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሌሊት ያደረ ክርክር ሰምቻለሁ። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞች እተዋለሁ። እኔ የማውቀው አባቴን ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ በራሱ ወገን ያልታረደ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰው በልጁ ግብዣ ላይ ቁራሹን በሹካ ወዲያ ወዲህ ሲያንከባልል ማየት አልፈልግም። እማማም ቢሆኑ እንደሱ ናቸው፤ የኛን ሥጋ በልተው አያውቁም፣ እኛም ብሉልን ብለን አናውቅም።

መፍትሔው ሦስተኛው ሰውዬ ከተናገረው ቃል ውስጥ ወጣ፦ ዓሣ። ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ወጥተው አብረው ሲበሉ ዓሣ ወይም በየዓይነቱ የሚታዘዘው በከንቱ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ምሳ የምንበላበት ቀላልነት የመጣውም ከዚያ ነው። እንግዲህ የፆም ወቅት ችግሬ ነው ስል መፍትሔዬ ሆኖ አረፈ፤ በፍልሰታ ትልልቆቹ ሆቴሎችም የፆም ምግብ በደንብ ነው የሚያዘጋጁት።

ዓሣ ስለሆነ ብቻ ግን ነገሩ አያልቅም። አምስተኛው ቦታ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሆቴል፣ ስልኩን ለሼፉ አቀበለልኝና ከሱ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል አወራን። ትዕግሥቱን አላህ ይመንዳው። ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ የተጠበሰበት መሆኑን ጠየቅሁት። እንደሆነ ነገረኝና በአዲስ ዘይት፣ በሌላ መጥበሻ አደርግላችኋለሁ አለ። ሶሱ ውስጥ ወይን ይገባል ወይ አልኩት። ክሬም ያለው ሶስ ውስጥ ይገባል፤ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ይተካል አለ። የእንጀራ ጠረጴዛው ላይ ለእማማ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስርና የሱፍ ፍትፍት እንደሚኖር አረጋገጠልኝ፣ ማንኪያዎቹም አይቀላቀሉም። ስለ ጣፋጩ እኔ ሳልጠይቅ እሱ ራሱ ነው ያነሳው። ቲራሚሱ ውስጥ መጠጥ አለ፣ የሚንቀጠቀጠው ኬክ ውስጥ ደግሞ ጄላቲን አለ፣ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ እኔም አላውቅም፤ ፍራፍሬ ይሻላችኋል አለኝ። ስሙን ስጠይቀው ክርስቲያን እንደሆነ ገባኝ። «ሠርግ ላይ ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ፣ የናንተን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። ይኼኔ ወረቀቴ ላይ ያሉትን ሌሎች ቦታዎች ሰረዝኳቸው።

ዋጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በዚህ እንደነግጣለን። ሜኑ ላይ የምታዩት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። ከጎኑ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት አለ ማለት ነው። 1,800 ብር የተጻፈበት ሳህን መጀመሪያ 1,980 ይሆናል፣ ከዚያ 2,277። በሰባት ሰው አባዙት። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የእትዬ ድርሃም ብዙ ብር ያመጣል፣ ሜኑውም ግን አብሮት ሄዷል። ስልክ ላይ «ከነቫቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሒሳቡን ቀድሜ ሠርቼ ለእትዬ ሰጠኋት፤ አባቴ ፊት ደረሰኝ እያገላበጠች እንድትቆጥር አልፈለግሁም።

እራት የነበረው ዕቅድ ምሳ የሆነው በሶላት ምክንያት ነው። ነሐሴ ላይ መግሪብ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፣ ዒሻ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። በዝናብና በትራፊክ መሐል ሁለቱን ሶላት አሳልፎ እራት ማስያዝ ማለት አባቴን ቁጭ ብድግ ማሰኘት ነው። ማታ ደግሞ ባሩ ይሞቃል። በዙሁርና በዐስር መካከል ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አለ፤ ቀን ላይ ክፍሉ ፀጥ ያለ ነው፣ መጠጥ የሚያዝም እምብዛም የለም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ለሰባት ሰው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከባሩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ብዬ አስያዝኩ።

ዙሁርን አንዋር መስጂድ ሰገድን፣ አባቴ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ቆፍያውንና የዒድ ኮቱን አድርጎ መጣ። በሩ ላይ ፍተሻው ሲያጮህ ቀበቶውን እየፈታ «ኤርፖርት ነው እንዴ?» አለ። እማማ በነጠላቸው፣ እናቴ በጥቁር ጅልባቧ ጎን ለጎን ሲገቡ እንግዳ ተቀባዩ ሁለቱንም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ወንበሩ ተሳበ። እትዬ ይህን ነበር የምትጠብቀው፤ አባዬ እስኪቀመጥ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሙሉው ቆሮሶ ከነራሱ ተጠብሶ መጣ። ሼፉ ራሱ ወጥቶ «አዲስ ዘይት ነው አባቴ» አለው። አባቴ ሼፉን ትንሽ አየውና «ቢስሚላህ» ብሎ በእጁ ጀመረ፣ ሹካውን ማንም አልነካውም። እማማ ፊት በየዓይነቱ ሲቀርብ «ይኼ ሁሉ ለኔ ብቻ?» አሉና ለታናሽ እህቴ ከሽሮው አጎረሷት። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አይተዋቸዋል።

እትዬን ያየሁት ወደ መጨረሻ ነው። ሳህኖቹ ባዶ ሲሆኑ ሳታስበው መደራረብ ጀመረች፤ ትልቁን ከሥር፣ ትንሹን ከላይ፣ አጥንቱን ወደ አንድ ሳህን፣ ማንኪያዎቹን ጎን ለጎን። እጇ ራሱ ነው የሚሠራው። አስተናጋጇ ልጅ፣ ከሷ የማትበልጥ፣ መጥታ በቀስታ እጇን ያዘችና «ተዪው እህቴ፣ ይኼ የኔ ሥራ ነው» አለቻት። እትዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ልጅቷን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ወደ ቤት የምትሄድበት ሰርቪስ እንዳላት ጠየቀቻት። ስንወጣ የተወችላትን ጉርሻ አባቴ በጤፍ እንዳያሰላው ደብቃ ነው የሰጠቻት።

ዐስርን ኮልፌ ደርሰን ሰገድን። እትዬ በ14 ሄደች።

ያን ሁሉ ጥያቄ የጻፍኩበት ወረቀት አሁንም የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ አለ፤ ከየትኛው ሥጋ ቤት፣ በየትኛው ዘይት፣ ሶሱ ውስጥ ምን አለ፣ ከነቫቱ ስንት፣ መስገጃ ቦታ አለ ወይ የሚለው ሁሉ በተራ ተጽፎበታል። ከናንተ መካከል ለምርቃት ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር የሚመጣላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ምረቃው በፍልሰታ ባይውል እንኳን ረቡዕና ዓርብ መኖሩ አይቀርም። ወረቀቱን የምትፈልጉ ከዐስር ሶላት በኋላ መስገጃው ጋ ፈልጉኝ፣ ፎቶ ታነሡታላችሁ።